ትል ቆጣሪዋ

እናቴ ሰው ፊት "ልጄ ሳይንቲስት ልትሆን ነው" ማለት ትወዳለች። ምን እንደማጠና ሲጠይቋት ግን ወሬ ትቀይራለች። ባለፈው ገና አንዲት ወዳጇ አጥብቃ ስትይዛት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ትል ነው" አለች። ሴትየዋ "ውይ በሞትኩት! ወስፋት?" ብላ ጀመረችና ስለ ኮሶ ሩብ ሰዓት ያህል ተወራ። እኔ ዶሮ ወጡን እያየሁ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ ላስተካክል። የኔ ትል ወስፋት አይደለም፤ ግን ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ድቡልቡል ትሎች ናቸው። (ኮሶ የሚያወርደው ትል ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላ ወገን።) የኔው ሲ. ኤሌጋንስ ይባላል። የሰው ሆድ ውስጥ አይገባም፣ ማንንም አያሳምምም። በበሰበሰ ፍራፍሬና ቅጠል መካከል ባክቴሪያ እየበላ ይኖራል። ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰውነቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አንጀቱ፣ እንቁላሉ፣ ሁሉም ይታያል። በሦስት ቀን ተኩል ውስጥ ከእንቁላል ተነስቶ እናት ይሆናል። እናት ያልኩት አብዛኞቹ ወንድም ሴትም ስለሆኑ ነው፤ ራሳቸውን በራሳቸው አስረግዘው አንዱ 300 ያህል ይወልዳል። የነርቭ ሴሎቹ ቁጥር 302 ነው፤ ገደማ የለውም፣ ልክ 302።

ወደዚህ ላብ የገባሁት በፍቅር አልነበረም። እንደ ግማሾቻችሁ እኔም ፕሪሜድ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የሰዓት ክፍያ ያለው ሥራ ስፈልግ "ሳህን የምታፈስ ተማሪ እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ማፍሰስ ማለት ትሎቹ የሚኖሩበትን ጄሎ መሰል ነገር አፍልቶ በትንንሽ የፕላስቲክ ሳህኖች መቅዳት፣ ሲረጋ ደግሞ መሀሉ ላይ የባክቴሪያ ጠብታ ማድረግ ነው። ቡና ቤት ከመሥራት ይሻላል ብዬ ገባሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሳህን ብቻ አፈሰስኩ።

አንድ ቀን ፕሮፌሰሯ አምስት ሳህን ደርድረው ጠበቁኝ። ሳህኖቹ ላይ ከቁጥር በቀር ምንም አልተጻፈም። "የምታዪውን ጻፊ፣ ምክንያት አትጻፊ" አሉኝና ሄዱ።

አንደኛው ሳህን ላይ ያሉት እንደ እባብ ይሄዳሉ። ትሉ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚሄደው፤ አንዴ ወደ ጀርባው አንዴ ወደ ሆዱ እየታጠፈ፣ ከኋላው ጥርት ያለ የሞገድ ዱካ ይተዋል። እነዚህ ጤነኞቹ ነበሩ። ሁለተኛው ላይ ያሉት ወደፊት ሲሄዱ ምንም አይሉም። ግንባራቸውን በፀጉር ጫፍ ነካ ሳደርጋቸው ግን፣ ጤነኛው ትል ወደ ኋላ በሚያፈገፍግበት ጊዜ እነሱ ይጠቀለላሉ። ማፈግፈግ አያውቁም። ሦስተኛዎቹ ሲነኩ እንደ አኮርዲዮን ይሸበሸባሉ፤ ያጥሩና መልሰው ይዘረጋሉ። አራተኛዎቹ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። አምስተኛዎቹ ደግሞ ክብ ይሠራሉ። ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ዱካ የቀለበት ክምር ነው።

"ምክንያት አትጻፊ" ተብዬ ነበር፤ ግን እኔ ነኝና ጻፍኩ። ከአንደኛው በስተቀር ሁሉም ላይ "የነርቭ ችግር" አልኩ።

ፕሮፌሰሯ አንብበው ሳቁ። ሁለተኛው ልክ ነበር፦ አንክ-4 የሚባል ጂን ሲበላሽ ወደ ኋላ የሚያስኬዱት ነርቮች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከተሳሳተ ቦታ ይሆናል። ሦስተኛውም ልክ ነው፤ አንክ-25 ይባላል። ትሉ በአንድ ጎኑ ሲታጠፍ የሌላው ጎን ጡንቻ መላላት አለበት፤ "አንተ ተወት አድርግ" የሚለውን መልእክት የሚያደርሰው ጋባ የሚባል ኬሚካል ነው፤ አንክ-25 የተበላሸበት ትል ጋባ መሥራት ስለማይችል ሁለቱም ጎኖች በአንድ ጊዜ ይጨመታሉ። አራተኛው ግን ነርቭ አይደለም፤ ጡንቻው ውስጥ ያለ ትዊቺን የሚባል ግዙፍ ፕሮቲን ነው የጎደለው። አምስተኛው ደግሞ ነርቭም ጡንቻም አይደለም። ቆዳ ነው። የቆዳው ኮላጅን ስለተጣመመ ሰውነቱ እንደ ገመድ ተገምዷል፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ነርቩ ሰላም ነው፣ ጡንቻው ሰላም ነው፣ ልብሱ ጠማማ ነው።

ያን ቀን ማታ ወደ ዶርም ስመለስ የሚዞረው ትል ከአእምሮዬ አልወጣም። አካሄዱን አይተህ የት ጋ እንደታመመ አታውቅም።

ይህን ሥራ የጀመሩት ሲድኒ ብሬነር ናቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ተወልደው ያደጉ፣ የጫማ ሠሪ ልጅ። በስልሳዎቹ ዓመታት እንግሊዝ ካምብሪጅ ውስጥ ሆነው ነርቭና ባህርይ በጂን እንዴት እንደሚሠሩ ለማወቅ ይህን ትል መረጡ። ኢ.ኤም.ኤስ. በሚባል የዘረመል ፊደል በሚያሳስት ኬሚካል ነክረው የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ለምን የልጅ ልጅ? የተደበቀ ጉድለት ከሁለቱም ወገን ሲገናኝ ስለሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጽሑፍ 300 ያህል ሚውታንት ትሎችን ዘርዝረው ወደ 100 ጂኖች አደረሷቸው፤ ከነዚህ ውስጥ 77ቱ እንቅስቃሴን የሚቀይሩ ነበሩ። "አንክ" የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፣ ቅንጅት አልባ ለማለት። ብልሃቱ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ መንቀሳቀስ ያቃተው ትል እንኳ አይሞትም። ምግቡ ላይ ተኝቷል፤ ጓደኛ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም፤ ይበላል፣ ይወልዳል። ሽባው ትል ዘር ሊተካ ባይችል ኖሮ ይህ ሁሉ አይጠናም ነበር።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። በዓለም ላብራቶሪዎች ሁሉ "መደበኛ" የሚባለው ትል ከእንግሊዝ ብሪስቶል የመጣ ነው፤ ምግቡ ላይ ተበታትኖ ብቻ ለብቻ ይበላል። ከሃዋይ የመጣው ግን ክምር ብሎ፣ ተቃቅፎ፣ ከገበታው ዳር ላይ ተሰብስቦ ነው የሚበላው። እ.ኤ.አ. በ1998 ልዩነቱ ሲመረመር አንድ ጂን ውስጥ ያለ አንድ የፕሮቲን ቅንጣት ሆኖ ተገኘ። በኋላ ደግሞ ብቻውን የሚበላው ዓይነት በላብ ኑሮ ወቅት የተፈጠረ መሆኑ ታወቀ፤ ተቃቅፎ መብላት ነው ቀዳሚው። ይህን በማኅበራችን የቡና ሰዓት ላይ ስናገር አንዱ ልጅ "ታዲያ ሚውታንቱ ፈረንጅ ነዋ!" ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። (የሚሰበሰቡት ለፍቅር አይደለም፤ የኦክስጅን መጠን ዝቅ ያለበትን ቦታ ስለሚመርጡ ነው። ይህን ግን ማንም አልሰማኝም።)

አሁን ወደ ማሙሽ ልምጣ።

ማሙሽ የአክስቴ ልጅ ነው፣ የእናቴ ታናሽ እህት ልጅ፤ ደሴ ነው ያሉት። ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። አክስቴ በቴሌግራም ቪዲዮ ትልክልናለች፤ ልደት፣ ጥምቀት፣ አዲስ ጫማ። አንዱ ቪዲዮ ላይ ማሙሽ ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጦ ኳስ ይዟል። አባቱ "ና ወዲህ" ሲለው ተነሳ። እንዲህ ነው የተነሳው፦ መጀመሪያ በአራት እግሩ ሆነ፣ ቂጡን አነሳ፣ ከዚያ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ሌላውን ጭኑ ላይ፣ እየገፋ እየገፋ የገዛ እግሩን እንደ ዛፍ ወጣው። ከዚያ ሮጠ፤ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ፣ ወገቡን ወደፊት ቀልብሶ። ባቱ ደግሞ የሕፃን ባት አይመስልም፣ እንደ ብስክሌት ጋላቢ ወፍሯል። ሁሉም "ጎበዝ!" አሉ።

እኔ ይህን አነሳስ በዚያው ሴሚስተር ክላስ ውስጥ በስዕል አይቼዋለሁ። ጋወርስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት የገለጹት ምልክት ነው። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። "ምክንያት አትጻፊ" የተባልኩትን አስታውሼ ለሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ለአክስቴ ደወልኩና እንደ ቀላል ነገር "ማሙሽ ደረጃ ሲወጣ እንዴት ነው?" አልኳት።

ዝም አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም አወረደችው። ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ይወድቃል። ወጌሻ አሽቶታል። ጠበል ወስደውታል፤ ጠበሉን ትወደዋለች፣ ለእሷ ሰላም ሰጥቷታል። ጎረቤት ቡዳ ነው ብሏል። አንድ ጤና ጣቢያ "ሰነፍ ነው፣ ስፖርት ያሠሩት" ተብለው አባቱ በየማለዳው ዳገት ያስወጣው ነበር። አማቷ ደግሞ "በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" ብለዋል፤ ሌላ አልጨመሩም፣ መጨመርም አላስፈለጋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም አዩት። በደሙ ውስጥ ከተጎዳ ጡንቻ የሚወጣው ኢንዛይም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። የጂን ምርመራው ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ወራት ፈጀ። ዱሸን የሚባለው የጡንቻ በሽታ ነው። ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን የለውም። ዲስትሮፊን የጡንቻ ሴል ሲጨመትና ሲላላ ሽፋኑ እንዳይቀደድ ከውስጥና ከውጭ የሚያስር ነው፤ ከሌለ ጡንቻው በየቀኑ ይጎዳል፣ ይጠገናል፣ መጠገኑ ሲያቅተው በስብና በጠባሳ ይተካል። ያ የወፈረው ባት ኃይል አልነበረም። ዳገቱም አልረዳውም። ለአባቱ ይህን የነገረው ሐኪሙ ነው፤ እኔ አልቻልኩም።

የውጤቱን ወረቀት አክስቴ ፎቶ አንስታ ላከችልኝና "በአማርኛ ንገሪኝ" አለችኝ። እንዲህ ነገርኳት። የዘረመል ጽሑፍ የሚነበበው ሦስት ሦስት ፊደል እየተባለ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ ከበደ ዳቦን ገምጦ ውሃን ጠጥቶ ሄዷል። ሁሉም ቃል ሦስት ፊደል ነው። አሁን አንዲት ፊደል፣ "ደ"ን፣ ብቻ አውጥተን ሦስት ሦስት እያልን እናንብብ፦ ከበዳ ቦንገ ምጦው ሃንጠ ጥቶሄ ዷል። ጠፋ። ነገር ግን አንድ ሙሉ ቃል ብናወጣ፦ ከበደ ገምጦ ውሃን ጠጥቶ ሄዷል። ምን እንደገመጠ አይታወቅም እንጂ ይነበባል። የዲስትሮፊን ጂን በሰው ዘረመል ውስጥ ካሉት እጅግ ረጃጅሞች አንዱ ነው፣ ከሁለት ሚሊዮን ፊደል በላይ፤ ትርጉም ያለው ጽሑፍ ያለባቸው 79 ክፍሎች አሉት። አንዳንድ ልጆች ከዚያ ላይ ትልቅ ቁራጭ ጎድሎባቸው፣ ንባቡ ስላልተናጋ ቀለል ያለ በሽታ ይይዛቸዋል። የማሙሽ ጉድለት ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ግን ንባቡን አናግቷል።

አክስቴ አዳምጣ አዳምጣ "ከበደ ምስኪን" አለች። ከዚያ፣ "ልጄ፣ ከኔ ነው ወይ?"

ስልኩን ይዤ የዶርሙ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ አንድ ኤክስ ብቻ አለው፣ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ግን ለውጡ አዲስ ነው፣ እናትየዋ የላትም። ይህን ብነግራት በዚያ አንድ ሦስተኛ ላይ ተንጠልጥላ ትኖራለች፤ ባልነግራት ደግሞ መዋሸት ይሆናል። ነገርኳት። "ተመርመሪ፤ ከአንቺ ቢሆንም ግን አንቺ አልሠራሽውም" አልኳት። "ማን ሠራው ታዲያ?" አለችኝ። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ስለ ትሎቹ ነገርኳት። አምስቱን ሳህኖች፣ የሚዞረውን፣ የሚሸበሸበውን። በየትውልዱ ፊደል ሲገለበጥ ስህተት እንደሚገባ፣ ትል ኃጢአት እንደሌለው። "የሚዞረው እናቱን አይወቅስም?" አለችኝ። እያለቀሰች ነበር፤ ግን ደግሞ ቀልዳ ነው።

በዚያው ሳምንት ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገብቼ ዲስ-1 የሚባለውን ትል እንድሠራ ጠየቅኩ። ዲስ-1 የዲስትሮፊን ጂን በትሉ ውስጥ ያለው ወንድም ነው። እሳቸው ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ ከማቀዝቀዣው አውጥተው ሰጡኝ። (እነዚህ ትሎች በፈሳሽ ናይትሮጅን በርደው ዓመታት ቆይተው ሲሞቁ ይነሳሉ። ትንሣኤ ማለት ይኸው ነው ያለው አንድ የላብ ጓደኛዬ ነው፤ ለእናቴ አልነገርኳትም።)

ዲስ-1ን ስመለከት ጨነቀኝ። የታመመ ትል ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ይሄዳል፣ እንዲያውም ከጤነኛው ይልቅ ይቅበጠበጣል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ ልዩነቱን በዓይኔ ለመለየት፦ ወደፊት ሲሄድ ጭንቅላቱን አብዝቶ ይቀልሰዋል፣ የሚፈልገው ነገር ሁልጊዜ ትንሽ እንዳለፈው ዓይነት። ጡንቻው ግን አይበሰብስም። የትሉ ዕድሜ ሁለትና ሦስት ሳምንት ነው፤ በሽታው ለመድረስ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሁለተኛ የጡንቻ ጂን ላይ ያለ ቀላል ጉድለት ይጨምሩበታል፤ ያን ጊዜ ጡንቻው ከቀን ወደ ቀን ሲረግፍ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ያሉ ትሎች ላይ ፕሬድኒዞን የጡንቻውን መርገፍ እንደሚቀንስ ታየ። ለዱሸን ልጆች የሚሰጠው ያው የመድኃኒት ቤተሰብ ነው፤ ማሙሽም ከዚያው ወገን የሆነውን ይወስዳል። አያድነውም፤ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝምለታል።

የኔ ሥራ የነበረው ሌላ ውህድ እነዚህን ትሎች ይረዳ እንደሆነ ማየት ነው። ትሉን በውሃ ጠብታ ውስጥ አድርገህ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ ትቆጥራለህ። በቃ። በአንድ እጅ የቆጠራ መሣሪያዋን ቀጭ ቀጭ እያደረግክ፣ ትል ከትል ቀጥሎ፣ አንገትህ እስኪደርቅ። የመጀመሪያው ወር ውጤቴ ግሩም ነበር። ውህዱን የወሰዱት ከልባቸው ይዋኛሉ። ግራፉን ለላብ ስብሰባ ሳቀርብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፕሮፌሰሯ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "የትኛው ሳህን የትኛው እንደሆነ እያወቅሽ ነው የቆጠርሽው?"

እያወቅኩ ነበር።

ሌላ ተማሪ ስሙን ሸፍና ቁጥር ሰጠቻቸውና እንደገና ቆጠርኩ። ልዩነቱ ሟሸሸ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን በዚያ ስፋት ልተማመንበት የማልችል ሆነ። አልዋሸሁም፤ ይህን ማንም አላለኝም። ግማሽ መታጠፍ ስትመጣ ውህዱን የወሰደውን ትል "አንድ" እለው ነበር፣ ያልወሰደውን ደግሞ እዘለዋለሁ። እጄ ነው ያደረገው። ያን ማታ ላብ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አለቀስኩ፤ ከሁሉ ያሳፈረኝ ለአክስቴ "ደስ የሚል ነገር አለ" ብዬ አስቀድሜ መናገሬ ነው። ደውዬ መልሼ ወሰድኩት። "አይዞሽ፣ ትሎቹ ደክሟቸው ይሆናል" አለችኝ።

የአክስቴ ውጤት መጣ፤ ተሸካሚ ናት። ይሄኔ እናቴ ስለ ወንድማቸው መናገር ጀመረች።

ፎቶው ሁልጊዜ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነበር፤ ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ልጅ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ። "ብርድ መትቶት ሞተ" ይባላል፤ እኔም ሌላ ጠይቄ አላውቅም። አያቴ ወደ ትምህርት ቤት በጀርባቸው ያመላልሱት እንደነበር፣ ከአሥር ዓመቱ በኋላ እንዳልሄደ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ እንደሞተ እናቴ የነገረችኝ ሳህን እያጠበች ነው፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። "ከወለል ሲነሳ እንዴት ነበር?" አልኳት። የሚታጠብ ሳህን አልቆ ነበር፤ ቧንቧውን ግን አልዘጋችውም። እጇን ጭኗ ላይ አደረገችና አሳየችኝ።

ያን ሌሊት ሂሳቡን ሠራሁት፣ መሥራት የማልችለው ነገር ቢሆን ብመርጥም። አያቴ ተሸካሚ ከነበረች እናቴ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። ነገር ግን ታላቅ ወንድሜ ጤነኛ ነው፤ ይህ ግማሹን ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል። የእኔ የዚያ ግማሽ ነው፦ ከስድስት አንድ። ዳይስ ወርውሮ አንድ ማግኘት።

ለእናቴ ስነግራት "ገና ባል ሳታገቢ ምን ልጅ ልጅ ትያለሽ" ብላ ተቆጣች። ስለ ልጅ ብቻ እንዳልሆነ ነገርኳት፤ ተሸካሚ ሴቶች ራሳቸው ልባቸው ሊደክም ስለሚችል መታየት አለባቸው። አክስቴ ልቧን ታይታለች። እናቴ "ከፋሲካ በኋላ" አለች። ፋሲካ አለፈ። አሁን "ከፍልሰታ በኋላ" ላይ ነን። እኔም ያለ እሷ ብቻዬን ሄጄ መመርመር እችላለሁ፣ ዕድሜዬ ይፈቅዳል። ግን በኔ ላይ ከተገኘ በእሷም ላይ ተገኘ ማለት ነው፤ እሷ ሳትፈልግ የእሷን ደም ማንበብ ይሆንብኛል። ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ ይዤ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። በዚህ ላይ ከእናንተ መካከል የተለየ ሐሳብ ያለው ቢኖር ሐሙስ ቡና ሰዓት ላይ አለሁ።

ማሙሽ አሁን ስምንት ዓመቱ ነው። ደረጃ ትቷል፤ ሜዳ ላይ ግን ይሄዳል፣ መድኃኒቱ ጉንጩን አሳብጦታል፣ ሒሳብ ይወዳል። አክስቴ ስለ ትሎቹ ነግራው ኖሮ "ላኪልኝ" አለኝ። በስልኬ ከማይክሮስኮፑ ላይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀድቼ ላክሁለት፣ ሁለት ትሎች፣ አንዱ ጤነኛ አንዱ ዲስ-1። የቱ የቱ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ዲስ-1 የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም።

መልሱ በድምፅ መጣ። "ይሄ ከላይ ያለው ለምንድነው ጭንቅላቱን የሚያበዛው?"

ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ ነበር እኮ።

አሁን በየእሑዱ ቪዲዮ እልክለታለሁ። ለጥናቱ የሚሆን አይደለም፤ ቁጥሩ የትም አይገባም። ግን ይቆጥራል፣ ደብተር ይዟል፣ የቱ መድኃኒት እንደወሰደ አያውቅም፣ ስለዚህ ከኔ የተሻለ ቆጣሪ ነው። ባለፈው እሑድ እሱ 34 አለ፣ እኔ 31 ብያለሁ። "ግማሽ ግማሹን ቆጥረሃል መሰለኝ" አልኩት። "አንቺ ነሽ የዘለልሽው" አለኝ። ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነስተን፣ እሱ እዚያ እኔ እዚህ፣ ጮክ ብለን እንደገና መቁጠር ጀመርን።